ሳይወለድ የተኮሰ ሽጉጥ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እግራቸው ተሰብሮ ንፋስ መውጫ ከተማ እኛ ቤት የገቡ ሰሞን፣ ከእግራቸው በላይ ያስጨነቀኝ ከሰዓት በኋላው ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ከቀትር በኋላ ቤት ነኝ። ስለዚህ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እኔና እርሳቸው ብቻችንን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ልጃቸውን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሰላምታና ከ«ዘንድሮ እህሉ እንዴት ነው» ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ሰው ዝም ሲለኝ የተቀየመኝ ይመስለኛል፤ ሲያናግረኝ ደግሞ ሊቀየመኝ የተዘጋጀ ይመስለኛል።

የተሰበሩት ከገብስ ክምር ላይ ወድቀው ነው። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ክምር ላይ ምን ሊያደርጉ እንደወጡ ልጆቻቸው እንኳ ደፍረው አልጠየቋቸውም፤ እኔማ ምን ብዬ!

አንድ ቀን ዝምታው ሲከብደኝ ላፕቶፔን ከፈትኩና የእንግሊዝኛ አስተማሪው ባልደረባዬ በፍላሽ ከገለበጠልኝ ፊልሞች አንዱን አስጀመርኩ። የድሮ ካውቦይ ፊልም ነው፤ አቧራ፣ ፈረስ፣ ሰፋፊ ባርኔጣ። እንዲያዩት ብዬ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ድምፅ ይኑር ብዬ ነው። አማቴ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ተኩሱ ሲጀመር ዞሩ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ላይ እያነሡ እየጣሉ ትንሽ ቆዩና፣

«አቁመው» አሉኝ።

የከፋቸው መስሎኝ ልዘጋው ነበር።

«ይኸ ሰውየ ስንት ተኮሰ?»

«አልቆጠርኩም፣ አባባ።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ዘጠኝ ነው። የያዘው ስድስት ጎራሽ ነው። ሲያጎርስ አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ውሸታም ነው!» ብለው ወደ ግድግዳው ተመለሱ። ቅሬታው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከካውቦዩ ጋር መሆኑን ስረዳ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአማቴ ጋር ትንፋሼን ለቅቄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነብን። መብራት ካለ በየቀኑ አንድ ፊልም፣ ከሌለ የላፕቶፑ ባትሪ የቻለውን ያህል። እርሳቸው ጥይት ይቆጥራሉ። እኔ የጦር መሣሪያ ሰው አይደለሁም፤ ጥይት እንኳ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ሠንጠረዥ ግን እወዳለሁ። ያው ባልደረባዬ የድሮ ሽጉጦች ሥዕል ከተሠሩበት ዓመት ጋር የሰፈረበት ፋይል ነበረው፤ እርሱን ለምኜ ወሰድኩ። ከዚያ ፋይል የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ካውቦዮቹ በየፊልሙ የሚይዙት ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርሰው፣ በቀኝ ጎኑ ትንሽ መዝጊያ ያለው ሽጉጥ በ1873 የወጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ባሩድና እርሳስ ከፊት እየተጠቀጠቀባቸው የሚጎርሱ፣ ከአፈሙዙ ሥር የመጠቅጠቂያ ዘንግ ያላቸው ናቸው። ፊልሞቹ ግን ታሪኩ በ1865 ተፈጸመ ብለው ይጀምሩና ሁሉንም ሰው የሰባ ሦስቱን ሽጉጥ ያስታጥቁታል።

ለአማቴ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል በለኛ!»

«አዎ፣ ስምንት ዓመት።»

«ሳይወለድ ተኮሰ!» ብለው እግራቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ዘመኑ የመጣ ሽጉጥ ባየን ቁጥር ቃሉ ይኸው ነበር። የጎን መዝጊያውን ለመለየት ዓይናቸው ከእኔ ይፈጥናል። «አቁመው! መዝጊያ አለው። ዘመኑ ስንት ነው?» ይሉኛል። ዘመኑን እኔ አነባለሁ። ከተሳሳተ ፊልሙን አንጨርሰውም። «በሽጉጡ የዋሸ በምኑ ይታመናል?» ይላሉ፤ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ትዳን አትዳን ግድ የላቸውም። ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ዝጋው ሲሉኝ እዘጋዋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ትክክል የሆነ አገኘን። አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባሩዱን በልክ ይሰፍራል፣ እርሳሱን ይጨምራል፣ በዘንጉ ይጠቀጥቃል፣ ስብ ይቀባል፤ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ። አማቴ ትንፋሽ ሳያሰሙ አዩት። ሲያበቃ «የዚህ ፊልም ሠሪ እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው» አሉ።

ዓመቶቹን ሁሉ እንዳሉ በፈረንጅ ነበር የምናወራቸው። ፊልሙም የፈረንጅ፣ ሽጉጡም የፈረንጅ፤ ሁለቱን ለማስተያየት መቀነስ መደመር አያስፈልግም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሺህ ስምንት መቶ እና ምናምን የሚል ቁጥር ሁሉ የፈረንጅ ሆኖ ቀረ። ይህን አሁን ነው የማውቀው።

ጥር መጨረሻ ላይ እግራቸው ጸና። ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ፊልም እያየን፣ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ሳያነሡ፣ «እኛም አንድ አለን» አሉኝ።

የፊልሙን ድምፅ ቀነስኩ። በዚህ ጊዜ ሰው ቤቱ ስላለ ሽጉጥ ሲነግረኝ መስማት የምፈልገው ነገር አይደለም። እርሳቸው ግን ቀጠሉ። የአያታቸው ነው። ምላጩ ዝጎ ደርቋል፤ ጥይት የለውም። አያታቸው በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ በወደቀ ጊዜ፣ የደብሩ ጎታ ጠባቂ ነበሩ። ከጎታው ለእያንዳንዱ ቤት በእፍኝ እየሰፈሩ ሲሰጡ ለራሳቸው ቤት ከሌላው አንዲት ፍሬ አላስበለጡም። ሁለት ልጆቻቸው በዚያው ዓመት ሞቱ። ያገሩ ሹም ይህን ሰምቶ ከወገቡ ፈትቶ የሰጣቸው ሽጉጥ ነው። በሰፈሩ አንድ ቤተሰብ ግን ከጥንት ጀምሮ «የለም፣ ኋላ ሸፍቶ ከሲራራ ነጋዴ የቀማው ነው» ይላል።

«እኔ ስሞት ልጆቹ ያወጡታል፤ ዘመኑ ደግሞ ክፉ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ልሰጠው ነው። የካቲት ውስጥ ተራየ ሰንበቴ ላይ አስረክባለሁ። ታሪኩን ጻፍልኝ፤ አንተ ዓመት ታውቃለህ» አሉኝ።

አንተ ዓመት ታውቃለህ። ከዚህ የበለጠ ማመስገኛ ከእርሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት ገብቶ የሰንበቴው ሳምንት ሲደርስ፣ ዓርብ ትምህርት ቤቱን አስፈቅጄ ከገበያተኛ ጋር በሚኒባስ አርብ ገበያ ወረድኩ። አማቴ ገበያው ዳር ቆመው ጠበቁኝ፤ እስከ ቤታቸው አንድ ሰዓት በእግር ነው። እንደደረስን በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ከሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡት። ሞራ ተቀብቶ፣ ሞራው ጠቁሮና ደርቆ የሽጉጡ ቅርጽ እንኳ በወጉ አይታይም። በነጭ ጋዝ ጨርቅ ነክሬ እየወለወልኩ ስሄድ የጎን መዝጊያው ወጣ። አማቴ «መዝጊያ አለው!» ብለው እንደ ልጅ ተደሰቱ። ቀጥሎ በበርሜሉ ቀኝ ጎን አንዲት የፈረንጅ ፊደልና አንድ ቁጥር ብቅ አሉ። በጥፍሬ ጠርጌ አነበብኩ። 1886።

ክፉ ቀን ከ1881 እስከ 84 እንደነበር ማንም የተማረ ሰው ያውቃል። ሽጉጡ የተሠራው ክፉ ቀን ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቁጥሩን በስልኬ ፎቶ አነሣሁና ጊዜ ለመግዛት ያህል ደጋግሜ አየሁት።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ቁጥሩ ምን ይላል?»

«ብዙም አይነበብም፣ አባባ። ዝጓል።»

አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አደረጉ።

«ለፊልም ያልዋሸህ ለእኔ ልትዋሽ ነው?»

ብዋሽ ኖሮ! ግን እውነት የመሰለኝን ነገርኳቸው። ሽጉጡ ከክፉ ቀን በኋላ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ በክፉ ቀን ሊሰጥ አይችልም አልኳቸው። ይህን ስል ድምፄ ክፍል ውስጥ መልስ የተሳሳተ ተማሪ ሳርም የማወጣው ዓይነት ነበር፤ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አማቴ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ «ሳይወለድ የተኮሰው የእኛ ነዋ» አሉ። አልሳቁም። ሽጉጡን ከእጄ ተቀብለው ጠቀለሉት። «እነዚያ ሰዎች ልክ ነበሩ። አያቴ ዋሽቷል ማለት ነው» አሉና ወደ ከብቶቹ ወጡ። እራት ላይ ስለ ባለቤቴና ስለ ልጆቻችን ብቻ ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ መንገድ ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ ታወሰኝ። ስልኬ ውስጥ የሽጉጥ ፎቶ አለ። የጠየቀኝ የለም፣ ይጠይቀኛል ያለኝም የለም፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሳልደላደል አጠፋሁት። ኬላው ላይ ፈታሹ ስልኬን አላየውም፤ መታወቂያዬን ብቻ አይቶ «መምህር፣ ሰላም ግባ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሥራ ነበረኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ሲመዘገቡ የትውልድ ዘመናቸው በፈረንጅ መሞላት አለበት፤ ይህ ሥራ በየዓመቱ ለሒሳብ አስተማሪዎች ይጣላል። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት መደመር፣ ከዚያ በፊት ከመስከረም ጀምሮ ለተወለደ ሰባት። ጥር 1999፣ 2007 ብዬ ጻፍኩ። ኅዳር 1999፣ 2006። አራተኛው ተማሪ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

1886 የፈረንጅ ነው። 1881 የእኛ ነው።

በወረቀት ጥግ ላይ ቀነስኩት፤ 1878፣ ቢበዛ 1879። ሽጉጡ ከክፉ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አስቀድሞ የተሠራ ነው። ከፈረንጅ አገር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሹሙ ወገብ ላይ ለመድረስ ልክ የሚበቃ ጊዜ። ታሪኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተጣመምኩት እኔ ነኝ። በየመስከረሙ ለዘጠነኛ ክፍል ይህንኑ መቀነስ የማስተምር ሰው!

ስልክ ደወልኩ፤ የአማቴ ስልክ ዝግ ነው። ገበያ ቀን ካልሆነ አይከፍቱትም። ቢከፍቱትስ ስለ ሽጉጥ በስልክ ምን ብዬ ልናገር ነው? በዚያ ሰዓት የሚሄድ መኪና የለም። ባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ፊቷ ተለወጠና፣ «አባባ እኮ ነገ ሰንበቴ ላይ ይናገራሉ። እርሳቸው አውቀው ዝም አይሉም» አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስንት ነገር ፈርቻለሁ፤ በራሴ አፍ አንድ የሞተ ሰው ስም አጠፋለሁ ብዬ ግን ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ ገና ሲነጋ ወጣሁ። ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ሁለት ሰዓት ተቃጠልኩ። መንገድ ላይ ጎማ ቀየርን፤ ሹፌሩ እየቀለደ ብሎኑን ሲፈታ እኔ ዳር ዳሩን እመላለስ ነበር። ከአርብ ገበያ በኋላ ያለውን የአንድ ሰዓት መንገድ ግማሹን ሮጥኩ። ቅዳሴው አብቅቷል። ሰዉ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ዳቦና ጠላ ይዞ ተቀምጧል፤ ግን እንደ ሰንበቴ አይንጫጫም። አማቴ ከበሩ አጠገብ መደቡ ላይ ናቸው፤ ጥቅሉ ጉልበታቸው ላይ ነው።

በአገሩ ባለው ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማሩት የደብሩ መሪጌታ አዩኝ። «መምህር፣ ዘገየህ። አማትህ ተናግረው ጨረሱ። አያቴ ያልተሰጠውን ተሰጠኝ ብሎ ኖረ፣ እኔም ስናገረው ኖርሁ፣ ማሩኝ አሉ። ምን እንላለን? እግዜር ይማርዎ አልን» አሉኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ መሃል ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽጉጡ ላይ ያለው 1886 የፈረንጅ ቁጥር ነው። ክፉ ቀን 81 የምንለው ግን በእኛ ነው። ሳልቀንስ አነበብኩት።»

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ስምንቱን ለመቀነስ አፍታም አልፈጀባቸው።

«ሰባ ስምንት። እንግዲያማ ከክፉ ቀን በፊት ነው! አንተ ልጅ፣ ሒሳብ አይደለም እንዴ የምታስተምር? ስምንቱን የት ጣልኸው?»

ሰንበቴ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ስቄ ሞትኩ፤ ከውስጤ አንድ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ። በሳቁ መሃል አማቴን አየሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

«የቀማው ነው» ከሚለው ቤተሰብ የሆነ አንድ ጎልማሳ ከወደ ጥጉ «እስቲ ቁጥሩን እኛም እንየው» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ማንም የሚለው ነው። አማቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። መሪጌታው «ይክፈቱት እንጂ» ሲሏቸው ጥቅሉን ቀስ ብለው ፈቱ። በበርሜሉ ቀኝ ጎን፣ ቁጥሩ በነበረበት ቦታ፣ ብረቱ አዲስ ሆኖ ያበራል። ፊደልም ቁጥርም የለም።

«ትላንት በሞረድ ፋቅሁት» አሉ፤ ለእኔ ነው የሚናገሩት። «ልጆቼ እንዳያነቡት ብየ። ፍቄው ደግሞ መደበቁ አላስችል አለኝና ዛሬ ተናገርሁ።» ከዚያ ፊታቸው ትንሽ ተስፋ ያዘ። «አንተ በስልክህ አንሥተኸዋል፤ አይቸሃለሁ። አውጣዋ!»

መልሴን እስክናገር ድረስ ክፍሉ በሙሉ ስልኬን ያይ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ፣ አባባ። ኬላውን ፈርቼ።»

የሳቀ የለም። ጎልማሳው ጠላውን አስቀመጠና «እንግዲህ ቁጥሩ ያለው በመምህሩ አፍ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ያውም ከትናንት ወዲያ በተሳሳተ አፍ።

አማቴ ሽጉጡን መልሰው አልጠቀለሉትም። የፋቁትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«አንተ ቁጥር ነው የተሳሳትህ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ሰው ነው የተሳሳትሁ። ሁለት ልጅ ቀብሮ የሰው እህል የጠበቀን ሰውየ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ካድሁት። አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁህ። ለካውቦዩ እንኳ መልሰህ አሳየኝ እል ነበር።»

ከጎናቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቁጥሩን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ጻፈው። ሰዉ ይስማ።»

መሪጌታው ወረቀት ሰጡኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፦ የጎታውን፣ የሁለቱን ልጆች፣ የሹሙን ነገር። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣሁ። በነጭ ጋዝ የጠረግኩት፣ በጥፍሬ የተከተልኩት ቁጥር ነው፤ ግን ያን ጊዜ የመጨረሻዋ አኃዝ ዓይኔ ላይ መዞር ጀመረች። ስድስት ናት? ክቧ ከላይ ቢሆንስ፣ ዘጠኝ ብትሆንስ? 1886 ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ቁጥሩን ያየሁ እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። አማቴ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ከሽጉጡ ጋር ለመሪጌታው ሰጡ። ዕቃ ቤት ገባ።

አሁን አማቴ ዓርብ ዓርብ ገበያ ሲወጡ ስልካቸውን ከፍተው ይደውሉልኛል። ድሮ የሚደውሉት ለልጃቸው ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግራቸው እናወራለን። ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ሽጉጥ የሚል ቃል አይጠሩም።

«ስድስት ነበር፣ አይደል?»

«ስድስት ነበር፣ አባባ» እላቸዋለሁ። በየሳምንቱ እርግጠኝነቴ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ መልሴን ግን ሳልዘገይ ነው የምሰጣቸው።

«ተባረክ» ይሉኛል፤ በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸውን ሲለቁ እሰማለሁ።